«ማስታወቂያ እማራለሁ» ሲባል ምን ማለት ነው? ከዩኒቨርሲቲ ክፍል እስከ ክሪኤቲቭ ሥራ

አንድ ልጅ «ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ማስታወቂያ መማር እፈልጋለሁ» ቢል ከቤት የሚመጣው የመጀመሪያ ጥያቄ «በቴሌቪዥን ልናይህ ነው?» የሚል ነው። ቢጠየቅ አይገርምም። በእኛ ዘንድ «የማስታወቂያ ባለሙያ» ሲባል ዓይን ላይ የሚመጣው ፊቱ የታወቀ፣ ድምፁ የሚያምር፣ ስልክ ቁጥሩን ሦስት ጊዜ እየደጋገመ የሚያነብ ሰው ነው። እሱ ግን ሥራው ካለቀ በኋላ የሚጠራ ሰው ነው። ከእሱ በፊት ምን እንደሚባል የወሰነ፣ ለማን እንደሚባል ያጠና፣ ቃሉን የጻፈና ምስሉን ያሰበ ሌላ ሰው አለ። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የሚጠናው የዚህኛው ሰው ሥራ ነው።

ተማሪዎቹም የራሳቸው ስህተት አላቸው፤ ዲግሪውን ይዘው ሲወጡ የክሪኤቲቭ ክፍል (የማስታወቂያውን ሐሳብ፣ ቃልና ምስል የሚፈጥረው ክፍል) በር የሚከፈት ይመስላቸዋል። የክሪኤቲቭ ሰው ሲቀጠር ግን መጀመሪያ የሚታየው የሠራው ሥራ ነው። የትምህርት ማስረጃው ከዚያ በኋላ፣ አንዳንዴም ለሰው ኃይል ፋይል ማሟያ ብቻ ይጠየቃል። ታዲያ አራት ዓመት ለምን ይባክናል? አይባክንም፤ አጠቃቀሙን ግን ከመጀመሪያው ማወቅ ያስፈልጋል።

ቃሉ ራሱ ምን ይላል?

«ማስታወቂያ» በአማርኛ ሰፊ ቃል ነው። የጨረታ ማስታወቂያ አለ፣ የክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ አለ፣ የጠፋ ሰው ማስታወቂያ አለ። ድሮ የነበረው የማስታወቂያ ሚኒስቴር ሳሙና አይሸጥም ነበር፤ ሥራው የመንግሥትን መረጃ ማሰራጨት ነበር። ሁሉንም የሚያገናኛቸው «ማሳወቅ» የሚለው ሥር ነው።

በትምህርቱ ዓለም ግን ቃሉ ይጠባል። ከፋዩ የታወቀ፣ ቦታ ወይም የአየር ሰዓት ተገዝቶለት የሚተላለፍ፣ ሰሚው አንድ ነገር እንዲያስብ፣ እንዲሰማው ወይም እንዲያደርግ የሚገፋፋ መልእክት ነው። እዚህ ላይ ከጎረቤቶቹ ጋር ይምታታል። ማርኬቲንግ ትልቁ ቤት ነው፤ ምን ይመረት፣ በስንት ይሸጥ፣ የት ይገኝ፣ እንዴት ይተዋወቅ የሚሉት ሁሉ በውስጡ አሉ። ማስታወቂያ ከክፍሎቹ አንዱ ነው። የሕዝብ ግንኙነት ደግሞ የአየር ሰዓት አይገዛም፤ ስለ ድርጅቱ ሌሎች እንዲያወሩ መንገድ ያመቻቻል።

በማሳወቅና በማሳመን መካከል ያለው ልዩነት ጥቃቅን ይመስላል እንጂ አብዛኞቹ የሬዲዮ ስፖቶቻችን (አጫጭር ማስታወቂያዎቻችን) የሚወድቁት እዚያ ላይ ነው። «ሶፋ፣ አልጋ፣ ቁም ሳጥን፣ የምግብ ጠረጴዛ፣ በተመጣጣኝ ዋጋ፣ አድራሻችን ከባንኩ ፊት ለፊት» የሚል ስፖት ማሳወቂያ ነው። ትናንት ሶፋ ሊገዛ የወሰነውን ሰው ይጠቅማል። ሶፋ ያላሰበው ሰው ግን አይሰማውም፤ የሚያዳምጡት ብዙዎቹ ደግሞ ሶፋ ያላሰቡ ናቸው።

ኤጀንሲ ውስጥ ማን ምን ይሠራል?

የማስታወቂያ ድርጅትን ለመረዳት ሠርግን ማሰብ ይጠቅማል። በሁለቱ ቤተሰብ መካከል የሚመላለስ ሽማግሌ አለ፤ የአንዱን ቃል ለሌላው ሳያበላሽ ያደርሳል፣ ቁጣ ካለ ያበርዳል። ይህ አካውንት ማናጀር ነው፤ በደንበኛውና በኤጀንሲው መካከል ይቆማል። ቤተሰቡን የሚያጠና፣ «እነሱ ቅር የሚላቸው ይህ ነው፣ የሚወዱት ያ ነው» የሚል አዋቂ ደግሞ አለ፤ ስትራቴጂስት እሱ ነው፤ ምን እንደሚባል ይወስናል። ካርዱ የት የት እንደሚበተን የሚያስበው ሚዲያ ፕላነር ነው፤ ማስታወቂያው የት የት እንደሚወጣ ያቅዳል። ድግሱን የሚሠሩት ክሪኤቲቮቹ ናቸው፤ የተወሰነው ነገር እንዴት እንደሚባል የእነሱ ፈንታ ነው።

ክሪኤቲቮች ብዙውን ጊዜ ጥንድ ናቸው፦ ቃሉን የሚያስብ ኮፒራይተርና ምስሉን የሚያስብ አርት ዳይሬክተር። ይህ አሠራር የተስፋፋው በኒውዮርክ በ1949 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው ዶይል ዴን በርንባክ በተባለ ኤጀንሲ ምሳሌነት ነው። ከዚያ በፊት ጸሐፊው ጽሑፉን ጨርሶ ወደ ሠዓሊው ክፍል ይልክ ነበር፤ ሠዓሊው በተሰጠው ቃል ዙሪያ ሥዕል ያስቀምጣል። ከኤጀንሲው መሥራቾች አንዱ ቢል በርንባክ ሁለቱን አንድ ክፍል ውስጥ አስቀመጣቸው። ያኔ ቃሉ የተናገረውን ሥዕሉ መድገሙ ቀረ፤ ግማሹን ቃሉ፣ ግማሹን ሥዕሉ ይናገር ጀመር። የአርት ዳይሬክተር ሥራ ከግራፊክ ዲዛይነር የሚለየውም በዚሁ ነው፤ ዲዛይነር የተወሰነውን ያሳምራል፣ አርት ዳይሬክተር ምን እንደሚታይ ይወስናል። በትንንሽ የአዲስ አበባ ኤጀንሲዎች ሁለቱን፣ አንዳንዴም አራቱን ሥራ አንድ ሰው ይዞት ይገኛል፤ ይህ ለጀማሪ ድካምም ትምህርትም ነው።

ዩኒቨርሲቲው ምን ያስተምራል? የትስ ይገኛል?

በአሜሪካ ማስታወቂያ ራሱን የቻለ ክፍል ነው። በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የማስታወቂያ ክፍል የተቋቋመው በ1959 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመሠረተው ቻርልስ ሳንዴጅ «የማስታወቂያ ትምህርት አባት» እየተባለ ይጠራል። የመጀመሪያ ዲግሪው ብዙውን ጊዜ በጋዜጠኝነት ወይም በኮሙኒኬሽን ኮሌጅ ሥር ነው። ከዚያ በላይ ፖርትፎሊዮ (ለቀጣሪ የሚታይ የሥራ ስብስብ) ለማሠራት ብቻ የተቋቋሙ ትምህርት ቤቶች አሉ፤ በ1993 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ማያሚ አድ ስኩል አንዱ ነው። በቨርጂኒያ፣ ሪችመንድ ከተማ ያለው የቪሲዩ (የቨርጂኒያ ኮመንዌልዝ ዩኒቨርሲቲ) ብራንድሴንተር ደግሞ በ1996 እ.ኤ.አ. ተጀምሮ በሁለት ዓመት የማስተርስ ዲግሪ ይሰጣል፤ ኮፒራይተሩ፣ አርት ዳይሬክተሩና ስትራቴጂስቱ በየራሳቸው መስመር ገብተው በአንድ ቡድን ይሠራሉ። በዋሽንግተንና በቨርጂኒያ ላሉ የሐበሻ ቤተሰቦች የሁለት ሰዓት መንገድ ነው፤ ልጃቸው «ሥዕልም መጻፍም እወዳለሁ፣ ግን በምን እኖራለሁ?» ሲል ከሕክምናና ከኮምፒውተር ሌላ የሚጠቀስ አማራጭ መኖሩን ማወቃቸው አይከፋም።

በኢትዮጵያ ማስታወቂያ በአብዛኛው በሌሎች ክፍሎች ውስጥ ኮርስ ሆኖ ይሰጣል፤ በማርኬቲንግ ማኔጅመንት፣ በጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን፣ በሕዝብ ግንኙነት። ወደ ምስሉ ያዘነበለ ተማሪ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለውን የአለ ፈለገ ሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ያስባል። ስለዚህ ምርጫው «ማስታወቂያ ያለበት የቱ ነው?» ሳይሆን «ከየትኛው በር ልግባ?» ነው። ማርኬቲንግ የገባ ሰው ደንበኛው ስለ ሽያጭ ሲያወራ ይገባዋል፤ አጻጻፍን ግን ከውጭ መማር አለበት። ጋዜጠኝነት የገባው አጭርና ግልጽ መጻፍን ይለምዳል፤ ስለ ዋጋና ስለ ስርጭት የሚያውቀው ትንሽ ነው። ሥነ ጥበብ የገባው ዓይኑ የሠለጠነ ነው፤ ሥራው የራሱ ስሜት መግለጫ ሳይሆን የሌላ ሰው ችግር መፍትሔ መሆኑን ለመቀበል ይቸገራል።

በየትኛውም በር ቢገባ የትምህርቱ አካሄድ ተመሳሳይ ነው። መጀመሪያ ጠቅላላ ኮርሶች፣ ቀጥሎ የሸማች ባህሪ፣ ጥናትና ስታቲስቲክስ፣ ከዚያ የሚዲያ ዕቅድና የመልእክት ዝግጅት፣ በመጨረሻ የዘመቻ ፕሮጀክትና ተግባራዊ ልምምድ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ከመመረቅ በፊት የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈተናው የሚለካው ዕውቀትን ነው። ጥሩ መፈክር መጻፍን አይለካም፤ ምርጫ ተሰጥቶበት የሚለካ ነገርም አይደለም። ስለዚህ ተማሪው ሁለት ትምህርት ጎን ለጎን ይዞ መሄድ አለበት፤ አንዱን ለፈተናው፣ ሌላውን ለፖርትፎሊዮው።

ከሁሉም ኮርስ የሚናቀው ስታቲስቲክስና ጥናት ነው፤ ይህ ደግሞ ያሳዝናል። ክሪኤቲቭ ሐሳብ የሚወለደው ከሰው አኗኗር ነው፤ አኗኗርን እንዴት መጠየቅና ማየት እንደሚቻል የሚያስተምረው እሱ ኮርስ ነው።

ሐሳብ እንዴት ይመጣል? አንድ ፓኬት ሽሮ ይዘን እንየው

ሥራው የሚጀምረው ከብሪፍ ነው። ብሪፍ አንድ ገጽ የማይሞላ የሥራ ትእዛዝ ነው፤ አምስት ነገር ይመልሳል፦ ችግሩ ምንድን ነው? የምናናግረው ማንን ነው? ያ ሰው አሁን ምን ያስባል? አንድ ነገር ብቻ ብንነግረው ምን እንንገረው? ለምን ያምነናል? አራተኛው ላይ «ጥራት፣ ዋጋ፣ ፍጥነትና ጣዕም» ተብሎ ከተጻፈ ብሪፉ ገና አላለቀም። አራት ብርቱካን አንዴ ቢወረወርላችሁ አንዱንም አትይዙም።

ለልምምድ አንድ ምርት እናስብ፤ ስም የሌለው የታሸገ ሽሮ። የምናናግረው ብቻውን ቤት ተከራይቶ የሚኖር፣ ከሥራ ማታ የሚገባ ወጣት ነው። ችግሩ፣ የታሸገ ሽሮ መግዛት እንደ መሸነፍ ይቆጠራል።

ጀማሪ የሚጽፈው የመጀመሪያ መስመር ይኸውና፦ «ንጹሕ፣ ጣፋጭ፣ ጥራቱን የጠበቀ ሽሮ።» ፈተናው ቀላል ነው፤ የተፎካካሪውን ስም አስገቡበት። አሁንም ከሠራ መስመሩ የማንም አይደለም። ሁለተኛው ሙከራ ትንሽ ይሻላል፦ «የእናት እጅ ጣዕም።» ግን ይህን ሁሉም ብሎታል፤ ከዚያም በላይ ሰሚው አያምንም። የእናቱን ሽሮ ያውቀዋላ!

እዚህ ላይ ቆሞ ሰዎቹን መጠየቅ ነው። ብቻውን የሚኖረው ልጅ ሽሮ ከየት ያገኛል? ከአገር ቤት ይላክለታል። መቼ? እናቱ «የሚመጣ ሰው ሳገኝ እልክልሃለሁ» ትለዋለች። ያ ሰው ሳምንትም ይቆያል፣ ወርም ይቆያል። ዕቃው ደግሞ ተጠራርጎ አልቋል። የታሸገው ሽሮ ቦታ ይህች ክፍተት ናት። ይህን ዓይነቱን ግኝት በሙያው ኢንሳይት ይሉታል፤ ሰው ሁልጊዜ የሚያውቀው ግን ማንም ጮክ ብሎ ያልነገረው እውነት ማለት ነው። ከእናት ጋር መፎካከራችን ቀረ፤ የእናት ተጠባባቂ ሆንን። መስመሩም ከዚያው ይወጣል፦

«የሚመጣ ሰው እስኪገኝ።»

ጣዕም አልተባለም፣ ጥራት አልተባለም። ምስሉም የሚበላ ሰው አያስፈልገውም፤ ባዶ የሽሮ ዕቃ፣ ከታች የተጠረገ፣ ማንኪያው ውስጡ ተኝቶ፣ በቂ ነው። ቃሉ ያላለውን ምስሉ ይላል።

ቀጥሎ ሐሳቡ ይራመዳል ወይ ተብሎ ይፈተናል። በሬዲዮ፦ እናትና ልጅ በስልክ፣ እናት የሚመጣውን ሰው ስትቆጥር፣ «ያ ልጅ እንኳ ቀረ፣ ለዘመን መለወጫ ነው የሚመጣው።» በመናኸሪያ፦ ዕቃ መላኪያው አጠገብ የሚለጠፍ። በፓኬቱ ላይ፦ «ሰው ከተገኘ ይህን ለጎረቤት ይስጡ።» ሦስት ቦታ ላይ ሦስት ዓይነት ሆኖ፣ አንድ ሐሳብነቱን ካልለቀቀ ዘመቻ ተባለ። አንድ ቦታ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቀልድ ነው፤ ቀልድ ደግሞ ሁለተኛ ጊዜ አያስቅም።

ወደዚህ መስመር የሚደረሰው በሁለት ሙከራ አይደለም። ለአንድ ብሪፍ መቶ መስመር መጻፍ በየትምህርት ቤቱ የተለመደ ልምምድ ነው፤ ምክንያትም አለው። የመጀመሪያዎቹ ሃያና ሠላሳ ሁሉም ሰው ራስ ውስጥ ያሉ ናቸው። ቀጥሎ ያሉት ቃላት ጨዋታ ናቸው። የራስ የሆነ ነገር የሚመጣው ራስ ባዶ ከሆነ በኋላ ነው። በእጅ፣ በወረቀት፣ እየቆጠሩ መጻፍ ይሻላል፤ ኮምፒውተር ላይ ሰው ስድስተኛው መስመር ላይ ፎንት መምረጥ ይጀምራል።

አማርኛ ለኮፒራይተር ምን ያስቸግረዋል?

የመማሪያ መጻሕፍቱ የተጻፉት በእንግሊዝኛ፣ ለእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ የሚጽፍ ተማሪ የሚከተሉትን ከመጽሐፍ አያገኛቸውም።

ትልቁ ችግር «ማንን እያልኩ ነው?» የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል ለሁሉም ይሠራል። እኛ ግን አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ አለን። «ይደውሉ» ሲባል ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ የቀበሌ ደብዳቤ ይመስለዋል፤ «ደውል» ሲባል ግማሹ ሰሚ ሴት ናት፤ «ደውሉ» ሲባል ሕዝብ የተሰበሰበ ይመስላል። መውጫው ሦስት ነው። አንደኛው መወሰን ነው፤ ብሪፉ ሴቶች ካለ «አንቺ» ይባል። ሁለተኛው ድምፁን ለሰሚው ሳይሆን ለሌላ ገጸ ባሕርይ መስጠት ነው፤ እናት ልጇን ስትናገር ማንም ቅር አይለውም። ሦስተኛው ግሡን ባለቤት አልባ ማድረግ ነው። ከላይ «እናትህ ሰው እስክታገኝ» ያልተባለው ለዚሁ ነው፤ «እስኪገኝ» ሲሆን ወንድም ሴትም፣ ታናሽም ታላቅም ገባበት።

ማጥበቅና ማላላት በፊደል አይታይም። «ልጅዎ ይበላል» ብላችሁ የሕፃናት ምግብ ሰሌዳ ላይ ብትጽፉ፣ አላልቶ ያነበበው ልጁ ምግብ እንደሚመገብ ይረዳል፤ «በ»ን አጥብቆ ያነበበው ግን የሚበላው ልጁ ነው። በሬዲዮ ችግር የለም፤ ተናጋሪው ያስተካክለዋል። በጽሑፍ ግን መስመሩን ብሪፉን ላላየ ሰው ሰጥታችሁ ጮክ ብሎ እንዲያነብ አድርጉ። ከተሰናከለ ይቀየር። ሆን ተብሎ ሲሠራበት ግን ይኸው ድካም ሀብት ይሆናል፤ ቅኔ የለመደ ጆሮ ሁለት ፍቺ ያለው መስመር ሲያገኝ ራሱ ፈትቶ ይደሰታል። ልዩነቱ ሁለተኛው ፍቺም ለምርቱ መሥራቱ ላይ ነው።

ርዝመት ደግሞ አለ። «አልነገረችንም» አንድ ቃል ነው፤ በእንግሊዝኛ አራት ይሆናል። ስለዚህ «ለ30 ሰከንድ ስፖት 75 ቃል» የሚለውን የእንግሊዝኛ ልክ ተከትሎ የጻፈ ሰው አንባቢው ትንፋሽ ሲያጥረው ያያል። በአማርኛ ከ45 እስከ 55 ቃል ያህል ይበቃል፤ ሙዚቃና ድምፅ ካለ ከዚያም ያንሳል። ስልክ ቁጥር ብቻውን አምስት ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ሁለት ጊዜ ከተነበበ የስፖቱ ሲሶ ሄደ ማለት ነው። ቢልቦርድ ላይ በመኪና ለሚያልፍ ሰው አራት አምስት ቃል ወሰኑ ነው።

ሞክሼ ፊደላት ቀድሞ የአራሚ ጉዳይ ነበሩ፤ አሁን የፍለጋ ጉዳይ ሆነዋል። «ፀሐይ»፣ «ጸሀይ» እና «ፀሃይ» ለአንባቢ አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተር ሦስት ናቸው። የዘመቻው ሃሽታግ ውስጥ እንዲህ ያለ ፊደል ካለ ሰዉ በየራሱ አጻጻፍ ይጽፈውና ወሬው ይበታተናል። ሃሽታጉ ውስጥ ሀ፣ ሰ፣ አ እና ጸ ባይኖሩ ይመረጣል። የሰዓት ጉዳይም አለ፤ «ከ2 ሰዓት ጀምሮ» ጠዋት ነው ማታ? በኢትዮጵያ ነው በውጭ አቆጣጠር? ደንበኛው የውጭ ድርጅት ሲሆን ይህች ነገር ብዙ ጊዜ ታልፋ አዳራሽ ባዶ ታስቀራለች።

አርት ዳይሬክተሩም የራሱ አለው። ግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም፤ አጽንኦት የሚሰጠው በመጠን፣ በውፍረት ወይም በቀለም ነው። ብዙ ፎንቶች እውነተኛ ደማቅ የላቸውም፤ ሶፍትዌሩ በግድ ሲያወፍረው የ«ጪ» እና የ«ቿ» ክፍተት ይደፈንና ፊደሉ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ የቆዩ ፋይሎች ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደል ኮድ) አይደሉም፤ ጽሑፉ ወደ አዲስ ፕሮግራም ሲገለበጥ ትርጉም የሌለው ምልክት ይሆናል። ማተሚያ ቤት ከመላኩ በፊት ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር እንዳይበላሽ ጽሑፉን ወደ ቅርጽ (ወደ ሥዕል መስመር) መለወጥ፣ ግን የሚስተካከለውን ኮፒ ለብቻ ማስቀመጥ ግድ ነው። ሁለተኛውን የረሳ ሰው ዋጋ ሲቀየር ሙሉውን እንደገና ይጽፋል።

የዘመን አቆጣጠሩንም ማወቅ የሙያው አካል ነው። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ከዚያ ውጭ ረቡዕና ዓርብ አለ። የቅቤ ማስታወቂያ በጾም መሃል ማስተላለፍ ገንዘብ ማፍሰስ ነው፤ የዘይት ሲሆን ግን ወቅቱ ይህ ነው።

ፖርትፎሊዮ ምን ይይዛል?

አምስት ወይም ስድስት ዘመቻ ይበቃል። እያንዳንዱ ቢያንስ ሦስት የተለያየ ቦታ ላይ የሚታይ ሥራ ይኑረው፤ ችግሩ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ሐሳቡ በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ሥራው። ገምጋሚው ለአንድ ገጽ የሚሰጠው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። ምርጡ መጀመሪያ ይቀመጥ፣ ሁለተኛው ምርጥ መጨረሻ። ደካማ ሥራ ብዛት ለማሟላት አይግባ፤ ገምጋሚው ከአምስት ጥሩ ይልቅ አንድ መጥፎውን ያስታውሳል፣ «የዚህን መጥፎነት አላየም» ይላልና።

ተማሪ ደንበኛ ስለሌለው በራሱ ፈቃድ የልምምድ ማስታወቂያ ይሠራል። ይህ የተለመደ ነው፤ «የልምምድ ሥራ» ተብሎ መጻፍ ግን አለበት። የአንድ ባንክ ስም ያለበት የልምምድ ፖስተር በቴሌግራም ተሰራጭቶ ሰው እንደ እውነተኛ ቅናሽ ከቆጠረው ጣጣው ቀላል አይሆንም። ለምርት ምርጫም ምክር አለ፦ ታዋቂ ስፖርት ጫማና ለስላሳ መጠጥ አትምረጡ። እነሱን ያስዋበ ብዙ ነው። ሳሙና፣ ምስማር፣ የዕቁብ መተግበሪያ፣ የውኃ ማጣሪያ፣ አሰልቺ የሚመስለው ላይ ነው ሰው የሚለየው።

በቡድን የተሠራ ከሆነ ማን ምን እንደሠራ ይጻፍ። ኮፒራይተር ነኝ የሚል ሰው ፖርትፎሊዮ ውስጥ የፊደል ስህተት ካለ ቀሪው አይታይም። ከኢንተርኔት የተወሰደ ፎቶም ነገር ያመጣል፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ይጠብቃል። በስልክ ያነሳችሁት የራሳችሁ ፎቶ ይሻላል።

ሥራን ከውጭ ዓይን ጋር ለማስተያየት የተማሪ ውድድሮች ጥሩ ናቸው። የለንደኑ የዲዛይንና የማስታወቂያ ባለሙያዎች ድርጅት ዲ ኤንድ ኤዲ በየዓመቱ በኒው ብለድ ውድድሩ ከእውነተኛ ድርጅቶች የመጡ ብሪፎችን ለሕዝብ ያወጣል። ባትወዳደሩም ብሪፎቹን አውርዶ መሥራት፣ ቆይቶም ያሸነፉትን ከራስ ሥራ ጎን አስቀምጦ ማየት በብዙ ክፍል የማይገኝ ትምህርት ነው። በአሜሪካ ያሉ ተማሪዎች ደግሞ የአሜሪካ ማስታወቂያ ፌዴሬሽን የሚያዘጋጀው ብሔራዊ ውድድር አላቸው፤ ክፍሉ በሙሉ እንደ ኤጀንሲ ተደራጅቶ ለአንድ እውነተኛ ደንበኛ ሙሉ ዘመቻ ያቀርባል።

ሕጉ ክሪኤቲቩን ምን አገባው?

ብዙ ያገባዋል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያንና ተፎካካሪን ማንኳሰስን ይከለክላል። «ብቸኛው»፣ «አንደኛው»፣ «ለመጀመሪያ ጊዜ» የሚሉ ቃላት ሲጻፉ ማስረጃው ፋይል ውስጥ ይኑር። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 ደግሞ የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያን ከሬዲዮ፣ ከቴሌቪዥንና ከቢልቦርድ አስወጣ። ቢራ ፋብሪካዎች ያን ጊዜ ከትልልቆቹ አስተዋዋቂዎች መካከል ነበሩ፤ አንድ ሕግ የብዙ ኤጀንሲዎችን የሥራ ዝርዝር በአንድ ጊዜ ቀየረው። ተማሪ ሕግ የሚማረው ለፈተና ብቻ አይደለም፤ ሐሳቡ ደንበኛው ፊት ከመቅረቡ በፊት እንዳይወድቅበት ነው።

ዲግሪው ሳይኖር አይሆንም?

ይሆናል። ከቲያትር፣ ከሥነ ጽሑፍ፣ ከሥነ ሕንፃም የመጡ ክሪኤቲቮች አሉ። ልዩነቱ ዲግሪ የሌለው ሰው ጊዜውን ከየት ያመጣል የሚለው ላይ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚሰጠው ትልቁ ነገር ምናልባት ማንም ሳይከፍልበት፣ ማንም ሳይቆጣ መሳሳት የሚቻልበት ጊዜና አጠገብ ያለ ሌላ ክፍል ነው። ጽሑፍ የሚወድ የማርኬቲንግ ተማሪ የሚሥል ጓደኛ ካላገኘ ፖርትፎሊዮው ግማሽ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ለጀማሪ፣ ለመጀመሪያው መንፈቅ የሚበቃ ሥራ ይህ ነው። የሚሥል ወይም የሚጽፍ አንድ አጣማሪ ፈልጉ። በየሳምንቱ አንድ ብሪፍ ራሳችሁ ጻፉ። ሃምሳ መስመር አስቀምጡ፣ አርባ ሰባቱን ሰርዙ፣ ሦስቱን በእርሳስ ንድፍ አድርጋችሁ ሙያውን ለማያውቅ ሰው፣ ለሱቅ ጠባቂም ቢሆን፣ ሳትናገሩ አሳዩ። «ምን ማለት ነው?» ካለ አታስረዱት፤ ወረቀቱን ገልብጡና ጀርባው ላይ እንደገና ጀምሩ።